ጭቃ ቤትን በሲሚንቶ መለሰን ይብቃ

ፍርዳችንን ከፊት እናስቀምጥ። በደቡብ ወሎ፣ በከላላ፣ በቦረና፣ በወግዲና በለጋምቦ ደጋዎች ያሉ የቆዩ የጭቃና የድንጋይ ቤቶችን በሲሚንቶ እየለሰኑ ማደስ የቤቶቹን ዕድሜ ያሳጥራል። መታደስ ያለባቸው በተሠሩበት ዕቃ ነው፤ በጭቃ፣ በጭድ፣ በድንጋይ፣ በእንጨት፣ እንደ ሁኔታው በኖራ። ለዚህ ጥፋት ባለቤቱን አንከስም። እርሱ ከእህልና ከበግ ሽያጭ ያጠራቀመውን ብር አገር ሁሉ «ዘመናዊ» ባለው ነገር ላይ አዋለ። የምንከሰው ሌላ አማራጭ በመመሪያም በሥልጠናም ያላቀረቡለትን ነው፤ የሕንፃ ደረጃ የሚያወጡትን፣ የግንባታ ፈቃድ የሚሰጡትን፣ ግንበኛ የሚያሠለጥኑትን።

ነገሩን ለመረዳት ከግድግዳው መጀመር ያሻል። ጭቃ ቤት ሲሠራ ቋሚው ይተከላል፣ ማገሩ በልጥ ወይም በሚስማር ይያያዛል። አፈሩ ከጤፍ ጭድ ጋር እየተረገጠ ለቀናት ይቦካል፣ ከዚያም ግድግዳው ይመረጋል። የመጀመሪያው ምርጊት ደርቆ ሲሰነጣጠቅ ሁለተኛው ይከተላል፣ በመጨረሻም ቀጭኑ ልስን። ድንጋይ በቅርብ በሚገኝበት ደጋ ደግሞ ግድግዳው በድንጋይ ይገነባና ማያያዣው ያው ጭቃ ይሆናል። ሁለቱም ግድግዳዎች ውሃ ይጠጣሉ፣ የጠጡትንም ይተፋሉ። ክረምት ላይ ከዝናቡም ከመሬቱም እርጥበት ይስባሉ፤ መስከረም ጠብቶ ፀሐይ ሲወጣ እርጥበቱ በፊታቸው እየተነነ ይወጣል። ጭቃው ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ጭዱ ግን እንደ ጅማት ስለሚይዘው ተሰነጣጥቆ አይፈርስም።

ሲሚንቶ ልስን ከዚህ ጠባይ ጋር አይሄድም። ግትር ስለሆነ ጭቃው ሲያብጥና ሲኮማተር አብሮት አይንቀሳቀስም። እንዲይዝ ተብሎ ግድግዳው በመሮ ይቦረቦራል፣ አንዳንዱም ሽቦ በሚስማር ይመታበታል። በመጀመሪያው በጋ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ይወጣል። በቀጣዩ ክረምት ዝናቡ በዚያች ስንጥቅ ይገባል፣ መውጫ ግን የለውም። ከሲሚንቶው ጀርባ ያለው ጭቃ ይላሽቃል፣ የቋሚው እግር ይበሰብሳል፣ ምስጥም እርጥብ እንጨት ፍለጋ ከመሬት ይወጣል። ከውጭ የሚታይ ነገር የለም። ቀለም የተቀባው ግንባር እንዳማረ ይቆያል፣ ውስጡን ለቄስ። ጭቃ ልስን ሲጎዳ ወዲያው ስለሚታይ የቤቱ እመቤት በአንድ ቀን ትጠግነዋለች። ሲሚንቶ ጉዳቱን ደብቆ ያቆይና አንድ ቀን የግድግዳውን ፊት ይዞ ይወርዳል።

ይህ የእኛ ግምት አይደለም፤ ሌላ አገር በውድ ዋጋ ተምሮታል። በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ግዛት ራንቾስ ደ ታዎስ በተባለ መንደር ከ200 ዓመት በፊት በጭቃ ጡብ የተሠራ የቅዱስ ፍራንሲስ ቤተ ክርስቲያን አለ። እ.ኤ.አ. በ1967 በየዓመቱ ጭቃ ከመቀባት ለመገላገል ተብሎ በጠንካራ ሲሚንቶ ተለሰነ። በ12 ዓመት ውስጥ ከልስኑ ጀርባ የታሰረው እርጥበት ግድግዳውን ጎዳውና እ.ኤ.አ. በ1979 ሲሚንቶው ተነቅሎ ምእመናኑ ወደ ጭቃቸው ተመለሱ። ዛሬም በየዓመቱ ተሰብስበው ይቀቡታል። ወደ አገራችን እንምጣ ካልንም ጎንደር አለ። የፋሲል ግቢ ሕንፃዎች በድንጋይና በኖራ የተገነቡ ናቸው። በጣሊያን ወረራ ዘመን በሲሚንቶ የተደረገላቸው ጥገና አላዋቂነት ሆኖ ስለተገኘ ከጊዜ በኋላ በተሠሩ የጥበቃ ሥራዎች ሲሚንቶው እየተነሣ በኖራ ተተክቷል። ለነገሥታቱ ግንብ ስሕተት ነው የተባለው ነገር ለቦረናዋ ከተማ ለመካነ ሰላም ጭቃ ቤት እድገት ሊባል አይችልም።

ቤቱን አፍርሶ በብሎኬት መሥራት ይሻላል የሚሉ አሉ። አቅም ላለው፣ መሬቱም ለሚፈቅድለት ይሁን። ነገር ግን በአንድ የቆየ ቤት ውስጥ ያለውን ሀብት እንቁጠር። ዕድሜ ጠገብ በሆኑት ቤቶች ምሰሶውና ቋሚው ብዙ ጊዜ ጥድ ወይም ወይራ ነው። ጥድን ምስጥ አይደፍረውም፣ ወይራም በጥንካሬው የታወቀ ነው። ዛሬ እንዲህ ያለ እንጨት ከገበያ አይገኝም፤ ቢገኝም ወይ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ወይ ከደንቆሮ ጫካ ካልተቆረጠ አይመጣም። ጫካው ያለበት የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ የተከለለው ያ እንዳይሆን ነው። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው የሚያገኘው ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ ይደርሳል፣ ቀጥ ያለም ነው፤ ካልታከመ ግን መሬት ውስጥ የገባው እግሩ በጥቂት ዓመታት የምስጥ ቀለብ ይሆናል። የድሮውን ቤት ማፍረስ ማለት ሁለተኛ የማይተካ እንጨት ለማገዶ ማዋል ማለት ነው።

ስለ ሲሚንቶ ዋጋ ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ ቤት የጀመረ ሁሉ ያውቀዋል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በተከታታይ ዓመታት የታየው እጥረትና የዋጋ ንረት፣ መንግሥትም ዋጋ ልተምን፣ ሥርጭት ላስተካክል ብሎ የገባበት ውጣ ውረድ የቅርብ ትዝታ ነው። መስከረም 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የለሚ ሲሚንቶ ፋብሪካ ምርቱን እንዳበዛው አይካድም። ሆኖም ፋብሪካ በር ላይ ያለ ዋጋና ከላላ የሚደርስ ዋጋ ለየቅል ናቸው። በመካከል ያለው መንገድ ነው፣ ያ መንገድ ደግሞ ባለፉት ዓመታት በጦርነትም በጸጥታ ችግርም ስንት ጊዜ እንደተዘጋ የአካባቢው ሰው ይመስክር። አፈር፣ ጭድና ድንጋይ ኬላ አያስቆማቸውም።

በዓለም ከሚለቀቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 7 ወይም 8 ከመቶ የሚሆነው ከሲሚንቶ ምርት የሚወጣ መሆኑን እናውቃለን። ይህን የምናነሣው በጨረፍታ ብቻ ነው። የዓለምን ሙቀት ያልጨመረን የከላላ ገበሬ ግድግዳው ዓለምን እንዲያድን መጠየቅ ነውር ነው። ክርክራችን የሚቆመው ቤቱ ለራሱ ይሻለዋል በሚለው ላይ ነው።

አሁን ደግሞ ለጭቃው የማይመቸውን እንናገር፤ አለዚያ ፍርዳችን ሚዛን አይደፋም። የድሮ ቤት በናፍቆት የሚወራለትን ያህል ምቹ አልነበረም። በተሰነጠቀ ግድግዳ ውስጥ ትኋን ይራባል፣ በአፈር ወለል ላይ ቁንጫ ይፈላል። መስኮቱ ትንሽ ነው፣ ወይም የለም። ምድጃው ከመኝታው ጋር በአንድ ጣራ ሥር ስለሚነድ እናቶችና ሕፃናት ጢስ እየማጉ ይኖራሉ። በዚህ ላይ ውሃ መቅዳቱ፣ እበት ማቡካቱ፣ በየዓመቱ በዓል ሲደርስ ግድግዳ መለቅለቁ አብዛኛውን ጊዜ የሴቶች ሸክም ነው። ባልና ወንድ ልጅ ተሰብስበው «የአባቶቻችን ቤት ይጠበቅ» ሲሉ ጭቃውን ማን እንደሚረግጠው መጠየቅ ተገቢ ነው። ሲሚንቶ በሴቶች ዘንድ የተወደደበት አንዱ ምክንያት ይኸው ይመስለናል፣ ምክንያቱም ትክክል ነው።

ስለዚህ እድሳት ስንል ቤቱን በነበረበት ማቆየት ማለታችን አይደለም። ሥራው ከእግሩ ይጀምራል። የጭቃ ግድግዳ ጠላቱ ከሥር የሚወጣና ከጣራ ጠርዝ ወርዶ የሚረጭ ውሃ ነው። በግድግዳው ዙሪያ ውሃ የሚያርቅ ቦይ መቆፈር፣ የተከመረውን አፈርና አመድ ከግድግዳው ሥር ማንሣት፣ የተበላውን የግድግዳ እግር በድንጋይ ካብ መተካት፣ የጣራውን ጠርዝ ወደ ውጭ ማስረዘም፣ አሸንዳ መግጠም። ይህ ሁሉ ቀለም እንደመቀባት አያስመሰግንም፤ ጎረቤትም መጥቶ አያደንቀውም። ቤቱን የሚያቆመው ግን እሱ ነው። የበሰበሰ ቋሚ ሙሉውን መለወጥ ሳያስፈልግ የተበላው እግሩ ተቆርጦ ከመሬት ከፍ ባለ ድንጋይ ላይ ሊቀመጥ ይችላል፤ ይህን ማንኛውም ደህና አናጢ ይሠራዋል።

ከዚያ በኋላ ግድግዳው ይመጣል። የላላው ጭቃ ተነሥቶ በጭድ በቦካ ጭቃ ይመረግ፤ ስንጥቁ ሲደፈን ትኋኑም መደበቂያ ያጣል። ዝናብ በሚመታው ፊት ላይ ብቻ ቀጭን የኖራ ልስን ይደረብ። ኖራ እንደ ሲሚንቶ አያፍንም፣ እርጥበትን ያስተነፍሳል፣ የሴቶቹንም ዓመታዊ ልፋት ይቀንሳል። በየፊቱ ሁሉ ኖራ ይሁን የማንለው በምክንያት ነው። በአባይ ተፋሰስ ሸለቆዎች የኖራ ድንጋይ ሞልቷል፤ የሙገርና የደርባ ፋብሪካዎችም የቆሙት በዚሁ ተፋሰስ ነው። ድንጋዩን ማቃጠል ግን ብዙ እሳት ይፈልጋል፤ በየወንዙ ዳር የእንጨት ምድጃ ተተክሎ ኖራ ከተቃጠለ ያድናል ያልነው ጫካ በሌላ በር ሊያልቅ ነው። ቆጥቦ መጠቀም ይገባል።

ጣራውን በተመለከተ ወደ ሳር ክዳን እንመለስ አንልም። ሳሩ ራሱ የለም። የግጦሽ መሬቱ ታርሷል፣ ደጋ ላይ ለክዳን ይታጨድ የነበረው ጓሳም እንደ ድሮው አይገኝም። ቆርቆሮ እሳት አይፈራም፣ የዝናብ ውሃ ለማጠራቀም ይመቻል፣ በየጥቂት ዓመቱ ይለወጥ አይልም። ችግሩ ውርጭ በሚጥልበት ደጋ ሌሊት እንደ በረዶ መቀዝቀዙ፣ ቀን ማቃጠሉ፣ ዝናብ ሲመታው ሰው ማደንቆሩ ነው። ብዙው ቤት ከሥሩ የማዳበሪያ ከረጢት ወይም አቡጀዲ ወጥሮ ኮርኒስ ያደርጋል፤ ይህ አቧራ ይይዛል እንጂ ብርድ አይመልስም። በቡርኪና ፋሶ ጋንዶ መንደር እ.ኤ.አ. በ2001 ትምህርት ቤት የሠራው ፍራንሲስ ኬሬ ለዚህ የሚጠቅም ነገር አሳይቷል። ከሸክላ ጡብ የተሠራውን ኮርኒስ ከቆርቆሮው ለይቶ በመካከላቸው አየር እንዲያልፍ አደረገ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በሙያው ትልቁን የፕሪትዝከር ሽልማት ሲቀበል የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ። ጋንዶ በረሃ ቀመስ ነው፣ መካነ ሰላም ብርዳም ነው፤ ስለዚህ የአየሩን ክፍተት እንዳለ መቅዳት አይበጅም። የሚቀዳው ኮርኒስ ራሱን የቻለ የቤቱ አካል መሆኑ ነው። በቀጫጭን እንጨት ላይ በጭድ የበዛበት ጭቃ የተመረገ ኮርኒስ ሙቀት ያቆያል፣ የዝናቡንም ጩኸት ያበርዳል። ክብደቱን ግን ወራጁ መቻል አለመቻሉን አናጢ ይየው። የወሎ በግ ጸጉርም ባና ከመሆን አልፎ ለዚህ ሊውል ይችላል ብለን እናስባለን፤ ብል የማይበላው ሆኖ መዘጋጀት አለበት እንጂ።

ምድጃው ደግሞ ከመኝታ ቤት ይውጣ፣ ካልተቻለም ጭስ ማውጫ ይሠራለት። «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ አንጻር ማገዶን በግማሽ ገደማ እንደሚቆጥብ ተረጋግጧል። የሚሠራው ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ሲሚንቶን በቦታው ሲሆን የምንጠላው ነገር የለንም።

ስለ መሬት መንቀጥቀጥም ዝም ማለት አይቻልም። በ1953 ዓ.ም. ካራቆሬ አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሷል፤ የደቡብ ወሎ ደጋ ቦታው ካለበት የስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ሩቅ አይደለም። በማገር የተያያዘ ጭቃ ቤት ይወዛወዛል እንጂ እንደ ድንጋይ ግንብ በአንድ ጊዜ አይናድም። የሚያሳስበው በጭቃ ብቻ የተያያዘው የድንጋይ ቤት ነው። መፍትሔው ከሩቅ አይመጣም። በላስታ ዋሻ ውስጥ ያለው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ድንጋይና እንጨት በተራ እየተነባበሩበት የተሠራ ነው፤ እንጨቱ ግንቡን እንደ መቀነት ያጠብቀዋል። ሲታደስ ከጣራው ሥር ዙሪያውን የእንጨት መቀነት ቢገባለት የከላላም የድንጋይ ቤት ብዙ ይጠነክራል።

ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ጠፍቶ አይደለም። ታዲያ ለምን አይሠራም? ምክንያቱ ጭቃ በሕግ ዓይን ዕቃ ሆኖ አለመቆጠሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ደረጃ ለኮንክሪት፣ ለብረት፣ ለእንጨት፣ ለግንብ፣ ለመሠረት፣ ለመሬት መንቀጥቀጥ፣ ለቧንቧና ለኤሌክትሪክ ሳይቀር ለየራሳቸው ክፍል ሰጥቷል። ሕዝቡ በብዛት ለሚኖርበት የጭቃ ቤት ግን የራሱ ክፍል አልተሰጠውም። የ2001 ዓ.ም. የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ደርብ የሌላቸውን ትንንሽ ቤቶች በምድብ «ሀ» አስቀምጦ ነገሩን ቀለል አድርጎት ነበር፤ ቀለል ማድረግ ግን እንዴት እንደሚሠራ ከማሳየት ጋር አንድ አይደለም። ደረጃ የሌለውን ነገር መሐንዲስ አይፈርምበትም፣ የማዘጋጃ ቤት ባለሙያም ኃላፊነት አይወስድበትም። ሁሉም ሳይጠየቅ የሚያድርበት ሲሚንቶ ነው።

አይቻልም እንዳይባል የሠሩት አሉ። ኒውዚላንድ መሬቷ የሚንቀጠቀጥ አገር ሆና ሳለ እ.ኤ.አ. በ1998 ለአፈር ቤቶች ሦስት ደረጃዎችን አወጣች፤ አንደኛው ተራ ሰው ልዩ የምሕንድስና ስሌት ሳያስፈልገው ሊሠራበት የሚችል ነው። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2013 ለአፈር ጡብና ለአፈር ልስን ብሔራዊ ደረጃ አጽድቃለች። ሲሚንቶ ያጡ አገሮች አይደሉም።

አዲስ አበባ ውስጥም እ.ኤ.አ. በ2010 ገደማ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የኢትዮጵያ የአርክቴክቸር፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት ከዙሪኩ የቴክኖሎጂ ተቋም ጋር ሆኖ ባለ አንድ ደርብ የሙከራ ቤት ሠርቷል። ምድር ቤቱ ተደቅድቆ ከተጠቀጠቀ አፈር፣ በላዩ ያለው ደግሞ ከአፈር በተሠሩ ስስ ጡቦች እንደ ቅስት የተከደነ ነው። ጎብኚዎች አደነቁት፣ ጥናት ተጻፈበት። ወደ ወረዳ ከተሞች መመሪያ ሆኖ ግን አልወረደም። የአገራችን የምርምር ችግር ይኸው ነው፤ ግቢ ውስጥ ያምራል፣ ከአጥር አይወጣም።

ከአጥር የወጣ ምሳሌ ብንፈልግ ኮብልስቶን አለ። ድሬዳዋ ላይ ተሞክሮ፣ በጀርመኖች ድጋፍ ወጣቶች ሠልጥነውበት፣ ማዘጋጃ ቤቶች በጀት ይዘውለት በጥቂት ዓመታት አገሪቱን አዳረሰ። አዲስ ዕቃ አልተፈለሰፈም፤ የተገኘው ድንጋይና መሮ ነው። ለውጡን ያመጣው ሥልጠናው፣ መለኪያውና የተረጋገጠው ገዢ ነበሩ። ያኔ ድንጋይ መጥረብ የተማሩ እጆች ዛሬም በየከተማው አሉ።

ስለዚህ የምንጠይቀው የሚከብድ አይደለም። ደረጃ አውጪው መሥሪያ ቤት ለጭቃና ለድንጋይ ቤት አዲስ ግንባታም እድሳትም የሚሆን የራሱ ክፍል ያውጣ፤ በአማርኛ፣ በሥዕል፣ አናጢ ሊያነበው በሚችል መልኩ። የአካባቢው የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች ምርጊትንና የኖራ ልስንን ከብሎኬት ግንባታ እኩል ያስተምሩ፣ ፈትነውም የብቃት ማረጋገጫ ይስጡበት፤ ለሳኟም ወረቀት ይዛ ዋጋ መደራደር ትቻል። ከአራተኛው ትውልድ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ የሆነው የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በዙሪያው ያለውን አፈር ይመርምር። የትኛው መንደር አፈር ሸክላው በዝቶ እንደሚሰነጠቅ፣ የትኛው አሸዋ እንደሚፈልግ፣ ስንት ጭድ እንደሚበቃው ማወቅ የውጭ ፕሮፌሰር አያስፈልገውም።

ማዘጋጃ ቤቶችም የቆየ ቤት በራሱ ዕቃ የሚያድስን ሰው ፈቃድ ከማመላለስ ይገላግሉት፤ በጭቃ ቤት ላይ የሲሚንቶ ልስን የሚጠይቁ የገጽታ ማሳመሪያ ትእዛዞች ካሉም ይነሡ። የመንገድ ዳር ቤት በአንድ ሳምንት ቀለም ይቀባ የሚል ዘመቻ ሲመጣ ባለቤቱ ምርጫ የለውም፤ የሚፈጥነው ሲሚንቶ ነው። ጭቃ ጊዜ ይፈልጋል። ጭዱ ከአውድማ የሚወርደው ታኅሣሥና ጥር ላይ ነው፣ ምርጊቱም በልግ ሳያገኘው ደርቆ ማለቅ አለበት። መመሪያ የሚወጣ ከሆነ ከመኸር በፊት ይውጣ።

አንድ ነገር ቀርቷል። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶች ከተወረሱ ወዲህ በከተሞቹ ያሉ የቀበሌ ቤቶች ባለቤት እያላቸው ባለቤት የሌላቸው ሆነው ኖረዋል። ተከራዩ የእኔ አይደለም ብሎ አይጠግናቸውም፣ ኪራዩ ትንሽ ስለሆነ አስተዳደሩም አይጠግናቸውም፤ ሲያዘምሙ ደግሞ «ለኑሮ ብቁ ያልሆነ» ተብለው ለመፍረስ ይመዘገባሉ። እንጨታቸው ጥድ የሆነ፣ ግድግዳቸው አንድ ክንድ የሚያህል ቤቶች በዚህ መንገድ ሄደዋል። ማዘጋጃ ቤቱ ሕዝቡን በጭቃ አድስ ከማለቱ በፊት ከእነዚህ መካከል ጥቂቱን መርጦ፣ ቦዩን ቆፍሮ፣ ቋሚውን ጠግኖ፣ በጭድና በኖራ አድሶ፣ ያወጣውንም ሒሳብ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጥፍ።